የትንሿ ገንቦ ወዝ

ስሟ ማክሱን ነበር፤ በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም። እኛ ዘንድ ሴት ስትዳር ስሟን እናቷ ቤት ትታው ነው የምትመጣው፤ የትውልድ መንደሯ ስም ይከተላትና እስክትቀበር በሱ ትጠራለች። እሷ ከሶልጎል መጣች፤ ስለዚህ የሶልጎሏ ናት። ባሏም የሶልጎሏ ይላታል፣ ፖስተኛውም የሶልጎሏ። ሱቄ ከደጇ ፊት ለፊት ነው። ስንት ዓመት ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ስሸጥላት ኖሬ፣ ማክሱን መባሏን የሰማሁት አንዲት ተመራማሪ ዶክተር ከከተማ መጥታ "ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ" ስትላት ነው። የሶልጎሏም እንደ ሙሽራ አፈረች። አስቡት እስቲ፣ ሰባውን አልፋ!

ባለፈው ዓመት አረፈች። ስለሷ ሳወራ ግን አፌ ይፈታል፤ ምን ላድርግ፣ እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አይገኝም። ካርታ ስትጫወት ታጭበረብራለች፤ ስትያዝ ደግሞ "ዓይኔ ደክሞ ነው" ትላለች። ያ የደከመ ዓይኗ ግን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የኔ ሱቅ መስኮት ላይ ያለችን የዝንብ ኩስ ያያል። "እየው፣ እዚያ ጥግ ላይ" ብላ ትጮህብኛለች፤ ካልጠረግሁት ራሷ ጨርቅ ይዛ ትሻገራለች።

እሷን ለማወቅ ጋን ማወቅ ያስፈልጋል። በድሮው መንደራችን በኡንጎክ፣ አሁን ከግድቡ ሐይቅ ስር በተኛው፣ እያንዳንዱ ቤት በጓሮው የድንጋይ መደብ ነበረው። የአኩሪ አተሩ መረቅ፣ ሊጡ፣ የበርበሬው ድልህ በየጋኑ ሆኖ እዚያ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ማለዳ ማለዳ የቤቱ ሴት እርጥብ ጨርቅ ይዛ ትወጣና ጋኖቹን አንድ ባንድ ትወለውላለች። አማት ምራቷን የምትመዝነው በዚህ ነው። ሾርባ ብታሳርር ይታለፍላታል፤ ጋኗ አቧራ ከያዘ ግን ወሬው ወንዝ ይሻገራል። የሶልጎሏ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች፤ እርጥብ ጨርቅ አይበቃትም፣ በቅጠሉ ስጋ ከምንጠቀልልበት ተክል፣ ከዱልኬ ፍሬ የሚጨመቀውን ዘይት ጠብ ታደርግበታለች። ጋኖቿ ፊት ቆሞ ጺሙን የላጨ ሰው አለ ይባላል። ይህን እንኳ ራሷ ሳትሆን አትቀርም ያስወራችው።

ግድቡ ሲመጣ መንግሥት ኮረብታው ላይ አዲስ ቤት በረድፍ ሠራልን። ውሃ በቧንቧ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ሁሉ ነገር አለው፤ የጋን መደብ ብቻ የለውም። የሶልጎሏ ጋኖች ግን እስከዚያም አልደረሱ። ዕቃ የጫነው መኪና ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ተንገዳገደና ከአማቷ አማት ጀምሮ ሲወርሱ የኖሩት ጋኖች አስፋልት ላይ ተፈጠፈጡ። ሹፌሩ ሊያጽናናት ብሎ "ደግነቱ ሰው አልተጎዳም እትዬ" አላት።

"ሰውማ ይድናል" ብላ ፊቷን አዞረችበት።

ውሃው ከመሙላቱ በፊት ደግሞ የቅርስ ቆፋሪዎች መጥተው ነበር። ከድንች ማሳችን ስር ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ የቆየ መንደር አለ ተባለ። እነሱ ይቆፍራሉ፣ የመንደሩ ሴቶች በቀን ሥራ ተቀጥረው የወጣውን ገል ያጥባሉ። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ቤቱ ሊሰምጥ ነው፣ ሴቶቹ ግን በየሳፋው ዙሪያ ሐሜትና ሳቅ። ከወጣው ሁሉ የሚያምሩት ቀያዮቹ ነበሩ፤ ሆዳቸው ድቡልቡል፣ አንገታቸው አጭር፣ በቀይ አፈር ተቀብተው በጠጠር ታሽተው በእሳት የተተኮሱ፣ ከሙታን አጠገብ የሚቀመጡ ገንቦዎች። ሰባቱ ሳይሰበሩ ወጡ። ብዙ ቆይቶ ከተማው ሰባቱን ለመንደራችን በውሰት ሰጠና ከሽማግሌዎች ማረፊያ ቤት አጠገብ ባለች ክፍል፣ በመስታወት ሳጥን ተደረደሩ። ቁልፉን ማን ይያዝ ሲባል ክርክር እንኳ አልተነሳም።

የሶልጎሏ እንደገና የምትወለውለው ነገር አገኘች።

ማለዳ ማለዳ ሳጥኑን ትከፍታለች፣ ገንቦዎቹን አንድ ባንድ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፣ ጨርቋን በዘይት ታጠቅሳለች። በሩ ክፍት ነው፤ ሁላችንም እናያለን። ማናችንም ምንም አላልንም። የሸክላ ዕቃ ነው፣ የሸክላ ዕቃ ደግሞ ይወለወላል፤ ይኼ ምን ይነገራል?

እንዲህ ባለበት ዶክተር ዮኑ መጣች። ከከተማ ላቦራቶሪ ነው የመጣችው፤ አርባ የሚሆናት፣ ፀጉሯ አጭር፣ ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ የነጣ ሴት። የምትመረምረው የጥንት ሸክላ ቆዳን ነው፤ ውስጡን አይደለም፣ ቆዳውን። ይህን ሁሉ ወዝ ከምን አመጡት? በጠጠር ማሸት ብቻ ነው ወይስ ዘይት ወይም የተክል ጭማቂ ይቀቡ ነበር? ሰው ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል ስል በጣም ደስ አለኝ። እንደ ፀጉር ማድረቂያ ያለ፣ ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ ከሻንጣዋ አወጣችና ገንቦው ላይ ደገነች።

"ይሄ ነገር ይተኩሳል?" አለ የመንደሩ ሊቀመንበር ጋሽ ዶንግፒል።

"አይተኩስም ጋሼ። ጨረር ያበራበትና ቅቡ ውስጥ ምን ያህል ብረት እንዳለ ይነግረኛል።"

"እስቲ እኔ ላይ አብሪውና ስንት ብረት እንዳለኝ ንገሪኝ።"

"አንተ ላይማ ዝገት ብቻ ነው የሚገኘው" አለች እትዬ ጆምሬ፣ የሶልጎሏ የካርታ ባላንጣ። ዶክተሯ ሳይቀር ሳቀች። ከዚያ በጥጥ የየገንቦውን ቆዳ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ ጥጡን በየብልቃጡ ከታ ሄደች። የሶልጎሏ በር ላይ ቆማ ሸኘቻት። "አይታችኋል? እኔ ወልውዬላት ነው እንዲህ ቶሎ የጨረሰችው" አለችን።

መጸው ላይ ስልክ መጣ። ሰባቱም ላይ የተክል ዘይት ተገኝቷል። ዶክተሯ "ገና ነው፣ ሌላ ምርመራ ይቀረናል፣ ለማንም እንዳትናገሩ" ብላ ነበር። ለዶንግፒል ለማንም አትናገር ማለት ጡሩምባ መስጠት ነው። በሳምንቱ ጋዜጠኛ ጠራ፣ መንደሩ መግቢያ ላይ "ኡንጎክ፦ የጥንቱ የዘይት ቅብ አገር" የሚል ሰንደቅ አሰቀለ፣ የቀይ ገንቦ በዓል ይከበራል ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ። እኔንም የቶፉ ጉዳይ ኃላፊ አደረገኝ፤ ተቀበልኩ።

የሶልጎሏ ወሬውን ስትሰማ እጇን አጨበጨበች። "የጥንት ሰዎችም በዘይት ይወለውሉ ነበር? ታዲያስ! ሴቶች ናቸዋ!"

ይህን ስትል ሳቅን። ያኔ ሱቄ ውስጥ ስንት ሰው ነበር፣ አንዳችንም ነገሩን ከነገሩ ጋር አላገናኘነውም።

የበረዶው ክረምት ሲገባ ዶክተሯ ሳትደውል መጣች። በሽማግሌዎቹ ማረፊያ ቤት፣ ከስር በሚሞቀው ወለል ላይ ተቀምጠን ካርታ እየተጫወትን ነበር። ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ካፖርቷን ግን አላወለቀችም።

"ከዚያው ቁፋሮ የወጣ፣ መጋዘን ውስጥ ከነጭቃው የተቀመጠ ቀይ ገል መረመርኩ" አለች። "አንዱም ላይ ዘይት የለም። እናንተ ጋ ያሉት ላይ ያለው ዘይት ደግሞ ገና ለጋ ነው። ዘይት ሲያረጅ የሚጠፋ ነገር አለው፤ በዚህ ውስጥ ያ ነገር አልጠፋም። የጥንት አይደለም፣ የትናንት ነው። የዱልኬ ዘይት ይመስለኛል። ገንቦዎቹን የነካ ሰው አለ?"

ዶንግፒል ካርታውን አስቀመጠ። "ማን ይነካቸዋል? በመስታወት ተቆልፈው!" ዓይኑ ግን ሁላችንንም አንድ ባንድ እየዞረ ዝም በሉ ይላል።

"እኔ ነኝ" አለች የሶልጎሏ።

ኩራት ነበረው አነጋገሯ። ዶክተሯ ሙያዋን አይታ ልታመሰግናት ከከተማ ድረስ የመጣች ነው የመሰላት። "በየማለዳው እኔ ነኝ የምወለውላቸው። አቧራ ይብላቸው ታዲያ? እነዚህ ሰዎች እንደሆኑ ጨርቅ የት እንዳለ አያውቁም።"

ማንም አልሳቀም። ዶክተሯ አንገቷን ደፋች፣ ስሟን ጠየቀቻት፣ ቀና ሳትል አመሰገነቻትና ወጣች።

ከኋላዋ ተነስቼ ሱቄን ከፈትኩላት፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ የገብስ ሻይ ሰጠኋት። ወዲያው የሶልጎሏ መጣች፤ ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛውራ ነበር የተጫማችው።

"አበላሸሁ እንዴ ልጄ?"

ዶክተሯ ኮምፒዩተሯን ቶፉ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አንድ ፎቶ ከፈተች። ቀይ፣ ሰፊ፣ የታረሰ መሬት የመሰለ ነገር። "ይህ በማይክሮስኮፕ የታየ የገንቦ ቆዳ ነው። እነዚህን ከላይ ወደ ታች የሚወርዱትን መስመሮች ያዩዋቸዋል? ጭቃው ሳይደርቅ በጠጠር ያሸችው የዚያች ሴት እጅ ነው። እነዚህ ቀጫጭኖቹ፣ በላዩ እየዞሩ የሚሄዱት ደግሞ ጨርቅ ነው።"

"ጨርቅ ስትዪ... እኔ?"

"እርስዎ ነዎት።"

የሶልጎሏ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች። ክንዴን ጎተተችኝ። "እያት! እያት እንጂ! ጎን ለጎን ተቀምጠን!" እኔም ሳቅሁ፤ እንዴት አልስቅ? ሦስት ሺህ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሴቶች አንድ ገንቦ ላይ ሲሠሩ ማየት!

ዶክተሯ ሳቃችን እስኪያልቅ ጠበቀች። "እማማ፣ ዘይቱ ሸክላው ውስጥ ገብቷል። ከስር የጥንት ዘይት ኖሮ ቢሆን እንኳ የርስዎ ተቀላቅሎበታል፤ ከእንግዲህ እነዚህ ሰባቱ ምን ተቀብተው እንደነበር ማወቅ አይቻልም። ዘይቱ ደግሞ እየደረቀ ሲሄድ ይጨማደዳል፤ ሲጨማደድ ቀዩን ቅብ ይዞት ይነሳል።"

የሶልጎሏ ፎቶውን ትክ ብላ አየችው። "አፋቸውን ዘጋሁት ማለት ነው?"

ዶክተሯ የለሰለሰ ቃል ስትፈልግ አየኋት፤ አላገኘችም። "አዎ።"

ቶፉው ውሃውን ወደ ሳህኑ ጠብ ጠብ ያደርጋል። 

"አንድ ያልገባኝ ነገር አለ" አለች ዶክተሯ። "ስድስቱ ላይ ያለው ዘይት ስስ ነው። በጣም ትንሿ ላይ ግን ድርብርብ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም። ቀዩም እዚያ ላይ ነው ይበልጥ የሳሳው። ለምን እሷን ብቻ?"

የሶልጎሏ ነጠላ ጫማዋን አየች፣ መዛወሩን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ጎንበስ ብላ ስታስተካክል ቆየች።

"ሴት ልጅ ነበረችኝ" አለች ቀና ሳትል። "ሦስት ዓመቷ ነበር። ኩፍኝ ወሰዳት።"

ስንት ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ ይህን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ወደ መንደሩ ከመምጣቴ በፊት የሆነ ነው፤ የሰሙትም ረስተውታል። ያኔ ሕፃን ሲሞት የመቃብር ጉብታ አይደረግለትም ነበር። አባትየው በጨርቅ ጠቅልሎ ብቻውን ኮረብታ ይወጣል፣ ድንጋይ ይጭንበታል፣ ይመለሳል። እናት የት ብላ አትጠይቅም፤ ሐዘኑን ያስረዝመዋል ይባል ነበር። ባሏ ሳይነግራት ሞተ። ግድቡ ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ የዘመዱን አጽም አንስቶ ወደ ላይ አወጣ፤ የመንግሥት ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መቃብራችሁን አሳዩን ሲሉ እሷ የምታሳየው አልነበራትም። ውሃው ልጅቷን ይዟት ቀረ።

"ያቺ ትንሿ ገንቦ ከኮረብታው ግርጌ ነው የወጣችው" አለች። "ከድንጋይ ሳጥን። ሳጥኑ ክንዴን አያክልም። አጥንት የለበትም፣ አፈራችን አጥንት ይበላል አሉ። የልጅ መቃብር ነው አሉኝ። እኔ ነኝ ሳፋ ውስጥ ያጠብኳት።" ከዚያ ቀና አለች። "ሞኝ አይደለሁም ዶክተሬ። የኔ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ግን የአንዲት ሴት ልጅ ናት። እናቷ የለችም፤ እኔ ደግሞ አለሁ።"

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ ጡሩምባውን ነፋ፤ ዶክተሯ ስላልወጣች ሄደ።

"ሌሎቹን ውሰዷቸው" አለች የሶልጎሏ። "ይቺን ተዉልኝ። ዘይት አላስነካትም። በባዶ እጄም አልነካትም። እዚያው ትቀመጥልኝ ብቻ።"

"ውሳኔው የኔ አይደለም እማማ። ግን እጠይቃለሁ። እውነቴን ነው፣ እጠይቃለሁ።"

በማግስቱ ሰንደቁ ወረደ። ዶንግፒል ቁልፉን ሊቀበል መጣ፤ የተቆጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ቆሞ ነው የተናገረው። "አዋረድሽን የሶልጎሏ። ጋዜጣ ላይ ወጥተን!"

የሶልጎሏ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። የመለሰችለት ጆምሬ ነበረች፤ ካርታ ላይ ካልሆነ በቀር ጓደኛዋ ናት። "ጋዜጠኛውን ማን ጠራው? ዋሽተህ ያዋረድከን አንተ! እሷ ወለወለች እንጂ ምን አደረገች? አንተን ማን በወለወለህ!"

መኪናው ሲመጣ ዶክተሯ አብራ መጣች። ገንቦዎቹ ተራ በተራ ስፖንጅ የተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ገቡ። ሰባተኛዋም ገባች። የሶልጎሏ በሩን እንዳይዘጋ በጀርባዋ ደግፋ ይዛ ሁሉንም አየች። ዶክተሯ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ጥያቄዋ ውድቅ መሆኑን ነገረቻት፤ የተጎዳ ዕቃ ሙቀትና ብርዱ በማይለካበት ክፍል መቆየት አይችልም ብለዋል ኃላፊዎቹ። "ግን ሌላ ነገር ጠይቄያለሁ። ትንሿ ሳትጸዳ እንዳለች ትቆይ ብያለሁ፤ የሰው እጅ በሸክላ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማሳያ ትሁን ብያለሁ። ከተስማሙ ምናልባት አንድ ቀን ትመለሳለች።"

ምናልባት የምትለዋን ቃል የሶልጎሏ ክረምቱን ሙሉ ያዘቻት። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሱቄ በር ላይ ናት። "ደወለች?" "አልደወለችም እትዬ።" "ብርድ ነው፤ መንገዱ በረዶ ይዞት ይሆናል" ትላለች፣ ስልክ በመንገድ የሚመጣ ይመስል። ካርታ ላይ ማጭበርበር ተወች። ጆምሬ በዚህ ከሁሉም በላይ ደነገጠች፤ ሆን ብላ ስትሸነፍላት እንኳ አላወቀችላትም። የኔ መስኮት ጥግ ቆሸሸ፣ የጠራኝ የለም።

የቼሪው ዛፍ አበባ ሲረግፍ ስልኩ ተደወለ። እኔ አነሳሁና ለሷ ሰጠሁ፤ ጆሮዋ ስለከበደ ስልኩን ከፍ አድርጌው ነበርና የዶክተሯ ድምፅ ለኔም ይሰማ ነበር። ዘይቱ ሲደርቅ ቀዩን እየላጠው ስለሄደ ማጽዳት የግድ ሆነ። "እኔው ነኝ ያጸዳኋት፤ በጥጥ፣ በጣም ቀስ ብዬ። ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈለግሁም።"

"አመመሽ?" አለቻት የሶልጎሏ። ዶክተሯ እያለቀሰች ነበር።

ከዚያ በኋላ አብረን ከተማ ወረድን፣ እኔና እሷ። የሐር ልብሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን በውሃ አስተኝታለች። ዶክተሯ ሙዚየሙ በር ላይ ጠበቀችን፣ ክንዷን ይዛ አስገባቻት።

ስድስቱ አንድ ሳጥን ውስጥ፣ ትንሿ ለብቻዋ ነበረች። እንደደረቀ ጡብ ፈዛለች፤ ቀዩ ከአንገቷ ስርና ከሆዷ አንድ ጎን ብቻ ነው የቀረው፣ ያም ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። እኔ ባይነግሩኝ አላውቃትም ነበር። የሶልጎሏ ግን በሩ ላይ ሳለች ነው ያወቀቻት፤ ቀጥታ ሄደች።

"ከስታለች" አለች።

ዶክተሯ ሊያጽናና የሚችል ነገር ሁሉ ነገረቻት። ቀዩ ቅብ ገንቦዋ ከተተኮሰች በኋላ ሳይሆን በፊት መቀባቱ ተረጋግጧል፣ የጠጠሩ መስመር አሁን ጥርት ብሎ ይታያል፣ የትኛውም ተማሪ የዚያችን ጥንታዊ ሴት እጅ ሊከተል ይችላል። የሶልጎሏ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ወደኛ ትመለሳለች?"

"አትመለስም እማማ።"

"እሺ። ቁርጡን ነገርሽኝ፣ ጎሽ።" መዳፏን መስታወቱ ላይ ልታደርግ አነሳችና መልሳ አወረደችው።

በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤት ልጆች እየተንጫጩ ገቡ፤ ክፍሉ ሞላ። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፣ በትህትና ነው የተናገራት፤ "እማማ፣ ልጆቹ እንዲያዩ ትንሽ ራቅ ይበሉልኝ።" የሶልጎሏ ራቅ አለች። ሌሎች ገፍተው ሲመጡ ደግሞ ራቅ አለች። እንዲህ እንዲህ ስትል በሩ ጋ ደረሰች። በልጆቹ ራስ መሃል ትታያት እንደሆነ አንገቷን ሰገግ አደረገች፤ አልታየቻትም መሰለኝ፣ ቀሚሷን በእጇ ዳበሰች፣ ወደኔ ዞረችና "በል ና፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል" አለችኝ።